ልብ «ሰፋ» ወይስ «አበጠ»?

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ የልብ አልትራሳውንድ፣ ያው ኢኮ የሚባለውን ተነስታ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «እማማ፣ ልብዎ ሰፍቷል» አላት። እሷም «ልቤማ ድሮም ሰፊ ነው፤ ስንቱን ችያለሁ!» ብላ አሳቀችን። አጎቴ ግን «አብጧል ነው የሚባለው» እያለ ይከራከራል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ እናትዎ አማርኛው አልጠፋባቸውም። ልበ ሰፊ ታጋሽና ቻይ ማለት ነው፤ ሐኪሙ ሳያስበው አመስግኗቸዋል። አጎትዎ ያሉት ቢነገራቸው ኖሮ ደግሞ ሊቀየሙ ይችሉ ነበር። ልቡ ያበጠ የምንለው ትዕቢተኛውን ነዋ!

እኔ ከሐኪሙ ጋር ነኝ፤ ግን በከፊል። ግሡ ልክ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ግን «ልብ» ባይሆን ይሻል ነበር።

ኢኮ ላይ የሚለካውን እንይ። ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ባለሙያው በድምፅ ሞገድ የተገኘውን ምስል ያቆምና ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ይለካል። ልብ ስለማያርፍ፣ ክፍሉ በደም ሲሞላና ሲጨመቅ ለየብቻ ይለካል። የታችኛው የግራ ክፍል ሲሞላ በአዋቂ ሴት ከ3.8 እስከ 5.2፣ በወንድ ከ4.2 እስከ 5.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው ይባላል። የሰውየው ግዝፈትም ከግምት ይገባል። እንግዲህ ይህ የውስጥ ክፍተት ነው። ክፍተት ይሰፋል ወይም ይጠባል እንጂ አያብጥም። ሳሎኑ ሰፋ እንላለን፤ ሳሎኑ አበጠ ያለ ሰው አልሰማሁም።

«አበጠ»ን የምሸሽበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ልብ ሲደክም ብዙ ጊዜ እግር ያብጣል፤ ውሃ እየቋጠረ። ታማሚው «እግሬም ልቤም አብጧል» ካለ፣ በአንድ ግሥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተናገረ።

«ልቡ ተልቋል» የሚሉም አሉ። ውሸት አይደለም፤ ግን ድፍን ነው። የቱ ነው የተለቀው፣ ክፍተቱ ወይስ ግድግዳው? ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት የታችኛውን የግራ ክፍል ግድግዳ ያወፍራል። ሴት ላይ ከ0.9፣ ወንድ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወፍሯል ይባላል። ውስጡ ግን እንደነበረ ሊቆይ፣ እንዲያውም ሊጠብ ይችላል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያሠቃየው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው በሽታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በግራ በኩል ከላይኛው ወደ ታችኛው ክፍል የሚያሳልፈው ቫልቭ ሲጠብ ደሙ እንደልብ አይወርድም። ከላይ እየተጠራቀመ የላይኛውን ክፍል ይለጥጠዋል። እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ወፈረ። ሁለቱን «ተልቋል» ብሎ መጠቅለል ለሐኪሙ ይቀልለው ይሆናል፤ ለታማሚው ግን ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ «የልብዎ የላይኛው የግራ ክፍል ሰፍቷል» ወይም «የታችኛው የግራ ክፍል ግድግዳ ወፍሯል» ቢባል እመርጣለሁ። ይረዝማል፤ ይርዘም። አንዳንዶች ለግድግዳው «ደንድኗል» ይላሉ፤ እኔ አይጥመኝም። ደነደነ ውፍረትንም ግትርነትንም አዝሏል። ሐኪሞች ደግሞ የግድግዳውን ውፍረትና እንደልብ መላላቱን ለየብቻ ነው የሚያዩት። ልበ ደንዳና የሚባለውንም ሰው ያስታውሳል፤ ማን በሕክምና ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተብሎ መጻፍ ይፈልጋል?

ስትጽፉ ደግሞ አንዲት «ተ» እንዳትሾልክባችሁ። መስፋት የስፌትም የስፋትም ግሥ ነው። «ሰፍቷል» ያልነው ክፍል «ተሰፍቷል» ከተባለ በመርፌና በክር ተጠግኗል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ያስኬድ ይሆናል፤ ኢኮ ብቻ ተነስቶ የወጣን ሰው ግን ያስደነግጣል።