ክትባቱ አለ፣ ማስታወቂያው ነው የጠፋው

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የምንኖረው ሉዊዚያና ስቴት፣ ኒው ኦርሊንስ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ አራታችንም ኢንሹራንስ የለንም። በፊት ብርዱ ሊገባ ሲል የፍሉ ክትባት በነጻ የት እንደሚሰጥ የሚናገር ማስታወቂያ እናይ ነበር። አሁን ጠፋ። ጓደኛዬ «መንግሥት ክትባት ከልክሏል» አለችኝ። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ አልተከለከለም። ግን ጓደኛሽ ከመሬት ተነስታ አላወራችም።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025 የሉዊዚያና ሰርጅን ጀነራል (የስቴቱ ከፍተኛ የጤና ባለሥልጣን) የነበሩት ራልፍ አብርሃም ለጤና መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ደብዳቤ ጻፉ። ስቴቱ ከእንግዲህ የጅምላ ክትባትን አያስተዋውቅም ይላል። ክትባቱ ይኖራል፣ ለሚፈልግም ይሰጣል፤ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይወስን ነው ነገሩ። ከዚያ በፊትም፣ በ2024 መጨረሻ፣ ሠራተኞች የፍሉ፣ የኮቪድና የኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ክትባትን እንዳያስተዋውቁ እንደተነገራቸው ኤንፒአር የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ዘግቦ ነበር።

«ከሐኪምህ ጋር ተማከር» ጥሩ ምክር ነው። ሐኪም ላለው! እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ የሚመጣ ሰው «የቤተሰብ ሐኪምህ ማን ነው?» ስለው ይስቅብኛል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ስለ ክትባት የሚሰማው ከማስታወቂያ ወይም ከሰፈር የጤና ዝግጅት ነው። የሉዊዚያናው ሴናተር ቢል ካሲዲም ደብዳቤውን ተቃውመዋል። ሪፐብሊካን ናቸው፣ ሐኪምም ናቸው፤ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በባተን ሩዥ አካባቢ 36,000 ልጆች የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ክትባት እንዲያገኙ አስተባብረዋል።

በሕዝብ ገንዘብ ሕዝቡን አትወትውቱት የሚሉም አሉ። በኮቪድ ጊዜ የነበረው ግዴታ ብዙ ሰው አስቀይሟልና ንዴቱ ይገባኛል። ግን ቦታና ቀን መንገር ምኑ ነው ማስገደድ? አገር ቤት መኪና ላይ ሞንታርቦ ሰቅለው «ነገ የፖሊዮ ክትባት አለ» ሲሉ ያልሰማ ማን አለ? የፈለገ ይወጣል፣ ያልፈለገ በሩን ይዘጋል።

ሌላዋ ስቴት ቴነሲ በ2021 ለወጣቶች የሚደረገውን የክትባት ቅስቀሳ አቁማ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ በዚያው ጁላይ አብዛኛውን መለሰችው። ሉዊዚያናም እንደዚያ ታደርጋለች ብለሽ ግን አትጠብቂ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ልጆችሽ 19 ዓመት እስኪሞላቸው ክትባታቸው ነጻ ነው። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ቪኤፍሲ (ቫክሲንስ ፎር ችልድረን) ይባላል፤ ስትደውይ ስሙን ጥሪላቸው። የመውጊያ ብለው ትንሽ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ መክፈል አልችልም ካልሽ ግን ክትባቱን ሊከለክሉሽ አይችሉም። ለእናንተ ለወላጆቹ ደግሞ እንደ ገቢያችሁ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ። ደብዳቤው የሚያዘው የስቴቱን ሠራተኞች ነው፤ ኒው ኦርሊንስ የራሷ የጤና መምሪያ አላት፣ እዚያም ጠይቂ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ «አማርኛ አስተርጓሚ» በይ፤ አያስከፍሉሽም።