ወንድሜ «ባንክ ግቢ» ይለኛል፣ እኔ ኦሌድ ማጥናት እፈልጋለሁ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነሽ። ኤክሲፕሌክስ በሚባል የሁለት ሞለኪውሎች ጥምረት የሚሠሩ ነጭ ኦሌዶችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚያበሩ ስስ የኦርጋኒክ ቁስ ሽፋኖችን፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አዘዞ ያለው ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «መብራት በሚጠፋበት አገር የመብራት ምርምር ምን ያደርግልሻል? ባንክ ተፈተኚና እናታችንን አግዢ» አለሽ። እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ለቤት መብራት ነጭ ኦሌድ ኤል ኢ ዲን በዋጋ አልቻለውም። ቅዳሜ ገበያ ካለው አምፖል ጋር የሚፎካከር ነገር እሠራለሁ ብለሽ ከሆነ ተይው። ግን አንቺ የምትማሪው አምፖል አይደለም። ሁለት ሞለኪውሎች አሉ፤ አንዱ ኤሌክትሮን ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ። ለየብቻ አልትራቫዮሌት ስታበሪባቸው ሰማያዊ የሚሰጡ ጥንዶች፣ ተቀላቅለው ስስ ሽፋን ሲሆኑ አረንጓዴ ያበራሉ። አረንጓዴው የአንዳቸውም አይደለም፤ የሁለቱ ጥምረት፣ የኤክሲፕሌክሱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መስታወቱን እየገለባበጥኩ ስንት ጊዜ እንዳየሁት!

በኤሌክትሪክ ሲሆን ከሚፈጠሩት 4 ኤክሳይቶኖች (ብርሃን ሊሆኑ የሚችሉ የኃይል እሽጎች) 3ቱ ትሪፕሌት የሚባሉት ናቸው፤ በተለመደው ኦርጋኒክ ቁስ ብርሃን ሳይሰጡ ይባክናሉ። ኤክሲፕሌክስ ውስጥ ግን በትሪፕሌቱና በብርሃን ሰጪው ደረጃ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ትንሽ ስለሆነ የክፍሉ ሙቀት ብቻ ወደዚያ ደረጃ ሊያወጣቸው ይችላል። እንደ ኢሪዲየም ያለ ውድ ብረት የግድ አይሆንም። የጃፓኑ የአዳቺ ቡድን ይህን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው ላይ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይታከላል። እስካሁን የሚያስቸግረው ሰማያዊው ነው፤ ቶሎ ይደክማል።

ይኸው የሰጪና ተቀባይ ፊዚክስ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የኦርጋኒክ ሶላር ሴልም ልብ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርቶበታል። መብራት ለሚጠፋበት አገር ይሄ ሩቅ ነው እንዴ? ለወንድምሽ ይህን ንገሪው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ወንድምሽ አስተምሮሻል፣ ዕዳ አለብሽ፣ አልክድም። ግን «እናታችንን አግዢ» ማለት በወር ስንት ብር ነው? ለስንት ዓመት? ይህን ሳትጠይቂ ሕይወትሽን በሙሉ ልትሰጪው ነው። ሁለት ዓመት ባንክ ሠርቼ እመለሳለሁ ያልሽውንም አላምንበትም። አብረውኝ ከተመረቁት እንዲህ ብለው የገቡ ነበሩ፤ አንድም የተመለሰ የለም።

እኔ ብሆን ደባርቅም ይሁን ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኒካል አሲስታንት፣ ማለትም የቤተ ሙከራ ረዳት፣ ቦታ እፈልግ ነበር። እኔም የጀመርኩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብልቃጥ እያጠብኩ ነው። ደሞዙ ብዙ አይደለም። ግን ለእናትሽ የምትልኪው አታጪም፣ መሣሪያውም እጅሽ ላይ ይሆናል።

ኦሌድ የሚሠራበት የቫኩም ማሽን የለንም ያልሽው አያስጨንቅሽ። የተቀላቀለ ሽፋን የሚሰጠውን ብርሃን ለመለካት ሙሉ ኦሌድ መሥራት የለብሽም። እንግሊዝኛሽ እያነበብሽ ይስተካከላል። የመውጫ ፈተናውን ግን በደንብ አጥኚ።

በዚህ ሳምንት ወንድምሽን ቁጭ አድርጊና ቁጥሩን ጠይቂው። የመለሰልሽን ጻፊልኝ።