ሰው የሚቀያየርበት ባንድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአሜሪካው ሮክ ባንድ የናይን ኢንች ኔይልስ ወዳጅ ነኝ። «ብሮክን» ሲዲ መጨረሻ ላይ «ሰክ» የሚል ዘፈን አለ። ጓደኛዬ ግን «እሱማ የፒግፌስ ነው» አለኝ። ፒግፌስን ስፈልግ ደግሞ በየአልበሙ ሌላ ሌላ ሰው ነው የማገኘው። ለመሆኑ ይሄ ባንድ ይባላል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 በፒግፌስ «ጋብ» አልበም ላይ ነው። እዚያም የዘፈነው ያው የምትወደው የናይን ኢንች ኔይልሱ ትሬንት ሬዝነር ነው። በ1992 በራሱ ባንድ ስም እንደገና ሠራውና በሲዲው 99ኛ ትራክ ላይ ደበቀው። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው። የኋለኛው በጊታር የታጨቀ ነው። የፊተኛው ላይ ድራሙና ቤዙ ፈጠው ይሰማሉ። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ።

ባንድ ይባላል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ያውም ከድራም የተወለደ ባንድ። ሚኒስትሪ የሚባለው የቺካጎ ባንድ በ1989 መጨረሻና በ1990 ለኮንሰርት ሲዞር ሁለት ድራመሮች ነበሩት፤ ቢል ሪፍሊንና ማርቲን አትኪንስ። መድረኩንና ሕዝቡን የሽቦ አጥር ይለያቸው ነበር። እኔም በወጣትነቴ ድራም መትቻለሁና ሁለት ሰው አንድ ላይ መምታት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንዱ ለቅጽበት ቢዘገይ ሁሉም ነገር ይዝረከረካል። እነዚህ ሁለቱ ግን ተግባብተው ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ያንን ነገር እዚያው ሊተዉት አልፈለጉም። ከስኪኒ ፐፒ ባንድ ዘፋኝ ከኦገር፣ ከዘፋኙ ክሪስ ኮኔሊና ከሌሎች ጋር ሆነው ፒግፌስን መሠረቱ። «ጋብ»ን የቀረጸላቸው ስቲቭ አልቢኒ ነው።

የሰው መቀያየሩ ታስቦበት የተደረገ ነው። አሠራሩ እንደ ደቦ ነው። የመጣው የቻለውን ሠርቶ ወደ ራሱ ባንድ ይመለሳል፤ የደቦው ባለቤት ግን አትኪንስ ነው። ከፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድና ከኪሊንግ ጆክ ባንዶች ጋር ድራም የመታ ሰው ነው። ኢንቪዚብል ሪከርድስ የሚባል የራሱ ማሳተሚያም ነበረው። ስለዚህ «ይሄን ሁሉ ሰው ለምን ትሰበስባለህ?» የሚለው አለቃ አልነበረበትም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዘፋኝ ሲሄድ ስንት ባንድ ፈርሷል! ፒግፌስ ግን በ2019 እንኳ አሜሪካን ዞሯል።

ሪፍሊን በኋላ ከአር.ኢ.ኤም.ና ከኪንግ ክሪምሰን ባንዶች ጋር ሠርቶ በ2020 አረፈ። በጣም የማከብረው ድራመር ነው።

ከ«ጋብ» ጀምር። ከዚያ የ1992ቱን «ፉክ»ን ስማ። ስትሰማ ዘፋኙን ለጊዜው ተወውና ጆሮህን ለድራሙ ስጥ።