እናቴ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፤ ዐቢይ ጾምን ትጹም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እናቴ የልብ ቫልቯ ተቀይሮ የብረት ገብቶላት ከሆስፒታል ከወጣች ወር ሊሞላት ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ «ዕድሜ ልኬን ጾሜ አሁን አልበላም» ብላለች። አጎቴ ደግሞ «ኪኒኑን ትተውና ጠበል ትግባ» ይላሉ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከዱባይ ብር ይልካል። ታናሼ እዚሁ ቤት አለ፣ ግን «የሴት ሥራ ነው» ብሎ ዝር አይልም። ቅዳሴ ካስቀደስኩ ቆየሁ። አንዳንዴ ሲደክመኝ እጮህባትና መልሼ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ይቀየመኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አይቀየምሽም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ነገር ውስጥ የታመመ መጠየቅ አለበት። አንቺ ደግሞ ሙዝና ብርቱካን ይዘሽ ጠይቀሽ የምትመለሺ አይደለሽም፤ ሌሊት ተነስተሽ ትራስ የምታስተካክይ፣ የምታጥቢ፣ ኪኒን በሰዓቱ የምታስውጪ ነሽ። ይሄ ከአምልኮ ያስቀረሽ ነገር አይደለም። የጮኽሽውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እናትሽንም ይቅርታ ጠይቂ፤ ግን እንቅልፍም ተኚ። ሐዋርያትን እንኳ ጌታ ራሱ «ጥቂት ዕረፉ» ብሏቸዋል። ብዙ ጊዜ ከክፋት ይልቅ ድካም ነው የሚያስጮኸን።

አሁን ወደ ጾሙ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። እናትሽ ደረታቸው ተከፍቶ የተሰፉ ሰው ናቸው። ቁስሉ እንዲድን፣ አጥንቱ እንዲገጥም እንቁላሉም ወተቱም ሥጋውም ያስፈልጋቸዋል። ይሄን ግን አንቺ አትንገሪያቸው፤ እናቶች ጾም ፍቺ ሲባሉ ልጃቸውን አይሰሙም። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው። ፈቃዱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ በምግቡ ፈንታም አቅማቸውን ያየ ጸሎት ወይ ምጽዋት ያዙላቸዋል። እናትሽ ያኔ ጾሙን ሻርኩ ብለው አይጨነቁም።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሳው ነገር ልጨምር። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ በድንገት ሲበዛ የዚህ ኪኒን ጉልበት ይቀንሳል፤ በድንገት ሲቀር ደግሞ ደም መፍሰስ ያመጣል። የጾም ማዕዳችን ደግሞ ያው ጎመን በጎመን ነው! ስለዚህ እሳቸው ባይጾሙም፣ ቤቱ ሁሉ ሲጾም ከዚያው ትሪ ስለሚቀምሱ የጎመናቸውን መጠን እንደ ወትሮው አድርጊው። ጎመን ክልክል አይደለም፤ ዛሬ ሞልቶ ነገ ጭራሽ ጠፍቶ አይሁን እንጂ። የደም ምርመራውን ቀጠሮ አታሳልፉ፣ ሐኪሙንም «ጾም ሊገባ ነው» ብለሽ ንገሪው። ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ፣ ጎረቤት ያመጣችው ሥራ ሥር፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም። በየወሩ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ካለም «አሁንማ ቫልቩ ተቀይሯል» ተብሎ ሐኪሙ ሳያዝ እንዳይቆም።

ስግደትም ሌላ ነገር ነው። የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በእጅ መሬት እየገፉ መነሳት አይቻልም። ሕማማት ሲደርስ እናትሽ ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ተቀምጠው ይጸልዩ። ጄሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካትም እንደዚያው ይቆይ። ሲያስሉ ትራስ ደረታቸው ላይ ደግፈው ይያዙ፣ በቀን ደጋግመው ቤት ውስጥ ይራመዱ።

ስለ አጎትሽ። ጠበል አምላካዊ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን «ኪኒኑን ትታ» የሚለውን ቤተ ክርስቲያን አላስተማረቻቸውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ለነበሩ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ሊሞት ታምሞ በጸለየ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ «ትድናለህ» ብሎት ብቻ አልተወውም፤ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። ዋርፋሪን ካቆሙ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ይሄ በስትሮክ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ጠበሉን ከቤት ይጠጡ። ቁስሉ ሳይደርቅ ግን መጠመቁም ግፊያውም ይቅር። ደግሞ ያለ ምክንያት ሲያለቅሱ ብታዪ «መንፈስ ነው» የሚልሽን ቶሎ አትቀበዪ፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሐዘን የተለመደ ነገር ነው። ካልተዋቸው ለሐኪም ይነገር።

ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ለታናሽሽ ይሄን አንብቢለት። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን አደራ የሰጣት ለወንድ ነው፣ ለዮሐንስ። ዮሐንስም ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ «የሴት ሥራ ነው» አላለም። ገላ ማጠቡን እናትሽ በሴት ልጅ ይሁን ካሉ ልክ ናቸው፣ ይከበርላቸው። ሾርባ መሥራት፣ ቤት ማጽዳት፣ ምርመራ ማድረስ፣ እሑድ ጠዋት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንቺን ቅዳሴ መላክ ግን ምን ሴት ይፈልጋል? ያንን ሽባ በጣሪያ ያወረዱት አራት ሰዎች ነበሩ። አንቺ አልጋውን በአራቱም ማዕዘን ብቻሽን ይዘሽ እስከ መቼ?

የዱባዩን ወንድምሽን አትውቀሺው፣ ብሩ ኪኒን ነው፣ ታክሲ ነው። ግን ደጉ ሳምራዊ ሁለቱን ዲናር የሰጠው ቁስሉን ራሱ ካሰረና አብሮት ካደረ በኋላ ነው፤ ተመልሼም እከፍልሃለሁ ብሏል። የማታውን ኪኒን ሰዓት ለእሱ ስጪው። በየቀኑ በዚያች ሰዓት ይደውል፣ ኪኒኗ ስትዋጥ በቪዲዮ ይይ፣ እናቱንም ያጫውት። አንቺ ያቺን ግማሽ ሰዓት ከቤት ውጪ።

ጠያቂ ሲበዛም አትፈሪ፣ በሩ ላይ በትሕትና «ተኝታለች» በይ። ቁጭ ብሎ «እገሊትም እንደዚሁ ሆና ነበር የሞተችው» የሚል ጠያቂ ከመጣማ ቡናውን ቶሎ አቅርቢና ሸኚው።

ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ የደረታቸው አጥንት ሲንቀሳቀሱ ቋ ካለ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም አፋቸው ከተጣመመና እጃቸው ከሰነፈ ቄስም አጎትም ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ። አጎትሽን ደግሞ ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ስለ ኪኒኑ ከሐኪሙ አፍ ይስሙ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጠበሉ ከእኔ ጋር መነጋገር ከፈለጉ ይደውሉልኝ።