«ጥረህ ግረህ ብላ» መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ለኋላ መስታወቱ «ጥረህ ግረህ ብላ፤ ዘፍ. 3፥19» የሚል ስቲከር አዘዘኝ። ከሥሩም «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ጥቅስ» ይጻፍበት አለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «እንዲህ የሚል የለም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ከልጅነቴ ስሰማው ያደግሁት ነው። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ልጁ ልክ ነው፤ ሹፌሩም ብዙ አልራቀም። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጥ እዚያ ቁጥር ላይ የምታገኘው «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» የሚለውን ነው። «ጥረህ ግረህ» ሕዝቡ ሐሳቡን ወስዶ በራሱ አፍ ያሳመረው ነው። ያውም እዚያ ለአዳም የተፈረደ ፍርድ ነበር፤ እኛ የሰነፍ ልጅ መምከሪያ አደረግነው። ስለዚህ ሐሳቡን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ብትለው አልከራከርህም። ጥቅስ ካልከው ግን ቃል በቃል መሆን አለበት።

ሰው «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» የሚለውን ቃል የሚጠቀምበት እንደየቤቱ ነው። ከሄኖክ ወይም ከኩፋሌ የተወሰደ ቃል 81 መጻሕፍት ለሚቀበለው ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ 66 ለሚቆጥረው ለፕሮቴስታንቱ አይደለም። መዝሙር ላይም ቁጥሩን አጣራ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው በግእዙ ዳዊት መዝሙር 67 ሲሆን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ 68 ነው። ደንበኛህን የትኛውን መጽሐፍ እንደያዘ ብትጠይቀው አይቀየምህም።

አሁን አሁን ደግሞ ማሞገሻ ሆኗል። የሰመረ ትዳር ሁሉ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ትዳር» ይባላል። ያዕቆብ እኮ ልያንና ራሔልን፣ ሁለት እኅትማማቾችን ነው ያገባው! በመጽሐፉ የተተረከ ሁሉ መጽሐፉ ያዘዘው አይደለም፤ ቃሉ ግን ለሁለቱም ይነገራል። እኔ በበኩሌ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ታሪክ» ሲባል ደስ ይለኛል፣ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ትዳር» ሲባል ግን «የማንን?» ማለት ያምረኛል።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ሹፌሩ «ጥረህ ግረህ»ን ከወደደ ምዕራፉንና «ጥቅስ» የሚለውን አውጣለት። ምዕራፉ ይኑርልኝ ካለ ደግሞ ቃሉን እንዳለ አስገባለት፤ ለባጃጅ መስታወት አይረዝምም። ስታትመው «መፅሀፍ» እንዳትለው፤ ግሱ ጸሐፈ ነውና በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ይጻፋል።