ልጆቹን ይዘን ምግብ ቤት እንግባ ወይስ ጎረቤት እንተዋቸው?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፦

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው በጀርመን ሀገር፣ በሙኒክ ከተማ ነው። ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። እቤት የሚበሉት እኛ እንዳደግነው ነው። ትልቁ በጨዋታው መሃል እየመጣ ይጎርሳል፤ ትንሿ ደግሞ ከኋላዋ እየተከተልኩ ካላጎረስኳት አፏን አትከፍትም። በቅርቡ ምግብ ቤት ገብተን ሳለ ልጁ ከወንበሩ ወርዶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲሮጥ፣ ትኩስ ሾርባ በትሪ የያዘችው አስተናጋጅ ልትደፋበት ለጥቂት ተረፈ፤ እርሷም ኮስተር ብላ እንድናስቀምጠው ነገረችን። ይህ ሳያንስ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት «በሀገራችሁ ልጅ አይቀጣም እንዴ?» አሉን። ምግቡን ሳንጨርስ ሒሳብ ጠየቅን፤ ሒሳቡ እስኪመጣ ትንሿ ስታለቅስ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «ልጆቹ ነፍስ እስኪያውቁ ድረስ ውጭ መብላት ይቅርብን» ይላል። እኔ ግን እንዲህ የተባልነው ጥቁር በመሆናችን ይመስለኛል፤ የእነርሱ ልጆች ሲያስቸግሩ ማንም ቃል የሚናገራቸው አይመስለኝም። አሁን በነሐሴ አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ። ባለቤቴ እናቱን ጥሩ ቦታ ወስዶ ሊጋብዛቸው ይፈልጋል፤ ልጆቹን ግን ጎረቤት እንተዋቸው ባይ ነው። እርሳቸው ባሕር አቋርጠው የሚመጡት ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ነው። ምን ይመክሩናል?

ግራ የገባት እናት፣ ከሙኒክ

ውድ እህታችን፦

ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን በደብዳቤዎ ውስጥ የተቀላቀሉትን ሁለት ነገሮች እንድለያያቸው ይፍቀዱልኝ። አስተናጋጇ የተናገረችው ተገቢ ነው፤ የፈላ ነገር ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ከእግሩ ሥር ድንገት ልጅ ሲያገኝ መኮሳተሩ ከድንጋጤ የመጣ እንጂ ከንቀት አይደለም። አዛውንቱ ግን ስለ ጩኸቱ ብቻ መናገር ሲችሉ ሀገራችሁን ማንሳታቸው ነውር ነው፤ እርስዎም ቅር መሰኘትዎ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የአንድ እንግዳ ክፉ አንደበት የቤቱን ሠራተኞች ሁሉ እንዲያስጠረጥርብዎ አይፍቀዱለት።

የእነርሱ ልጆች አይነኩም ያሉትን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሩገን ደሴት የሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አላስገባም ባለ ጊዜ መላው ጀርመን ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል፤ በሩ የተዘጋባቸውም በአብዛኛው የጀርመናውያን ልጆች ነበሩ። በዘራችሁ ምክንያት አላስተናግድም የሚል ባለቤት ከገጠማችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ ይህን ይከለክላል፣ ካሳ የሚጠይቅ ሰውም በሁለት ወር ውስጥ ጥያቄውን ማቅረብ አለበት። የፌዴራሉ የፀረ አድልዎ ቢሮ ስለዚሁ ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣል።

ባለቤትዎ ነፍስ እስኪያውቁ እንጠብቅ ማለታቸው ከይሉኝታ የመጣ ስለሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ልጅ ሰባት ዓመት ስለሞላው ብቻ መቀመጥን አይችልበትም። ደግሞም ልጆችን የሚያስቸግራቸው አብዛኛውን ጊዜ መብላቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ስለዚህ የልጆቹን ምግብ ከመጠጡ ጋር እዘዙና አስቀድሞ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ። በብዙ ቤቶች «ሮይበርቴለር» የሚባል ባዶ ሳህን ከማንኪያ ጋር በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም ለልጅ ይሰጣል፤ ልጁ ከእናትና ከአባቱ ሳህን እያነሳ ይበላበታል፣ ይህም ከአንድ ትሪ ለለመደ ልጅ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጀርመን ውስጥ ሒሳብ ካልጠየቁ አይመጣም፤ ሳይጠየቅ ማምጣት እንግዳን እንደ ማባረር ይቆጠራል። በመሆኑም ልጆች የያዘ ሰው ዋናው ምግብ እንደ ቀረበ ሒሳቡን ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ያን ዕለት እንዲህ አድርጋችሁ ቢሆን ኖሮ ያ የመጨረሻው ለቅሶ ባልደረሰባችሁ ነበር። እየተከተሉ ማጉረሱን እቤት ይቀጥሉበት፣ እኔ ምንም አልቃወመውም፤ ውጭ ግን ትንሿ ከፍ ባለው የልጆች ወንበር ላይ ትቀመጥ።

የአማትዎን ግብዣ በሚመለከት፣ የሚመጡት በነሐሴ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍልሰታ መሆናቸውን አትርሱ። የሚጾሙ ከሆነ የተመረጠ ምግብ ቤት ብትወስዷቸው እንኳ ቅቤ የነካው ድስት ይሆን እያሉ ሲጠራጠሩ ሊውሉ ነው። እናንተ ደግሞ የምትኖሩት ለዚህ በሚመች ከተማ ነው። በባቫሪያ ቢርጋርተኖች፣ ማለትም በዛፍ ጥላ ሥር በተዘረጉት የቢራ አትክልት ቦታዎች፣ እንግዳ መጠጡን ከዚያው እየገዛ ምግቡን ከቤቱ ይዞ መምጣት ይችላል። ልማዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1812 ንጉሥ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዮሴፍ ቢራ ጠማቂዎች በጓዳቸው ደጃፍ ቢራ እንዲሸጡ ፈቅደው ከዳቦ በቀር ሌላ ምግብ እንዳያቀርቡ በመከልከላቸው ነው፤ ከተማው ሁሉ ያን ጊዜ ምሳውን እየቋጠረ መጣ፣ እስከ ዛሬም ይቋጥራል። እናንተም እንጀራውን ጠቅልላችሁ፣ ሽሮውንና ጎመኑን በክዳን ዕቃ ይዛችሁ ብትቀመጡ ማንም አይናገራችሁም፤ ብቻ ጨርቅ ባልተነጠፈባቸው ጠረጴዛዎች ተቀመጡ፣ ጨርቅ የተነጠፈባቸው አስተናጋጅ የሚያዝባቸው ናቸውና።

ለእናንተ የምመርጠው ሂርሽጋርተንን ነው። ወደ 8,000 ሰው የሚያስቀምጥ ስለሆነ የአንድ ልጅ ጩኸት ከቁም ነገር አይገባም፤ በአጠገቡ የልጆች መጫወቻና በአጥር የተከለሉ አጋዘኖች አሉ፤ ልጁ ቢሮጥም ትሪ የተሸከመ ሰው ላይ ሳይሆን ወደ ሜዳው ነው። አንዳችሁ ከአማትዎ ጋር ስትቀመጡ ሌላችሁ ከልጆቹ ጋር ሁኑ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። አማትዎ ቅዳሴ አስቀድሰው የሚውሉ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይመቻል፤ ብዙ ምግብ ቤቶች በዚያ ሰዓት ወጥ ቤታቸውን ሲዘጉ ቢርጋርተኖቹ ግን አያቋርጡም። ልጆቹ እስከዚያ በረሃብ እንዳይነጫነጩ ምሳቸውን እቤት ይብሉ። ሰማዩ ከጠቆረ አብዛኞቹ ስለማይከፍቱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።