ለጀማሪ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመጥን ልብ ወለድ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጀምራለች፤ ዕድሜዋም 14 ነው። የቋንቋ መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ረጅም ልብ ወለድ መርጦ እንዲያነብና ትንታኔ እንዲጽፍበት አዘዋል፤ መጽሐፉ የአማርኛም ሆነ የእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ልጄ እስካሁን ያነበበችው አጫጭር ታሪኮችንና የመማሪያ መጽሐፍ ምንባቦችን ብቻ ስለሆነ እኔ ቀጭን መጽሐፍ ይሻላታል ባይ ነኝ፤ እናቷ ደግሞ በልብ ወለዶች ውስጥ የሚገኘው የፍቅርና የግድያ ታሪክ ያሳስባታል። በምን መዝነን እንምረጥላት?
አንድ አባት

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ስለ መጽሐፉ ውፍረት ያነሡትን ሐሳብ ልመልከተው፤ ብዙ ወላጆችን የሚያሳስተው እርሱ ነውና። የኧርነስት ሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ፣ በአንድ ቀን ተነብቦ ሊያልቅ የሚችል ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭርና ግልጽ ናቸው። የዓረፍተ ነገርን ርዝመትና የቃላትን መዘውተር ብቻ የሚቆጥሩ የንባብ መለኪያ ቀመሮች ቢጠየቁ ቀላል ነው ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን 84 ቀን ሙሉ ዓሣ ያልቀናው ሽማግሌ፣ በስንት ትግል የያዘውን ግዙፍ ዓሣ ሻርኮች በልተውበት ዐፅሙን ብቻ እየጎተተ ሲመለስ፣ ይህ ድል ይሁን ሽንፈት ደራሲው አይናገርም። የመጽሐፉ ክብደት ያለው ባልተነገረው ነገር ውስጥ ስለሆነ፣ ንባብ ያልለመደ ታዳጊ «ሽማግሌው ዓሣ ያዘ፤ ዓሣውም ተበላበት» ብሎ መጽሐፉን ቢያጥፈው አይፈረድበትም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ያልሁት ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም።

በአንጻሩ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ ገና ሲያዩት የሚያስፈራ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ታሪኩ ከበዛብህ ወላጆች ጀምሮ በጊዜ ቅደም ተከተል ይወርዳል፤ አንባቢው ማን ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው ሳይቸገር ይረዳል፤ ፊታውራሪ መሸሻ በገቡበት ትዕይንት ሁሉ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አይጠፋም። የሚያስቸግረው የዱሮ ማዕረግ፣ የመሬት ሥሪትና የቤተ ክህነት ቃላት መብዛቱ ነው። ለዚህ አንድ መፍትሔ አለ፤ ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ ያቀረበውን ትረካ እየሰሙ ጽሑፉን በዓይን መከተል። ባለ ሞያ ተራኪ ቃሉን በድምፁ ስለሚያብራራው፣ ለብቻው ሲነበብ ድንጋይ የሚሆን ዓረፍተ ነገር በጆሮ ሲገባ ይፈታል። ይህን ማድረግ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር አይገባም።

እንግዲህ ከገጽ ብዛት ይልቅ መመዘን ያለበት መጽሐፉ አንባቢው በአእምሮው ምን ያህል ነገር ይዞ እንዲጓዝ ያስገድደዋል የሚለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ስንት ገጸ ባሕርያት ይተዋወቃሉ? ታሪኩ ወደ ፊት ይሄዳል ወይስ ካለፈው ወደ አሁኑ፣ ካሁኑም ወደ ትዝታ ይዘላል? የሚተርከውስ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ነው ወይስ ራሱም የሚሳሳት፣ አንባቢው ሊጠራጠረው የሚገባ ሰው? የመጨረሻው ዓይነት ተራኪ ለበሰለ አንባቢ ታላቅ ደስታ ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዷን ለምታነብ ልጅ ግን ሌላ ሁለት ዓመት ቢቆያት እመርጣለሁ።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከተመረጠ የቃላቱ ጉዳይ ተለይቶ መታየት አለበት። ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ገልጣ የማታውቃቸውን ቃላት በጣቶቿ ትቁጠር፤ አምስቱም ጣቶች ካለቁ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዷል ማለት ነው። ይህ ለትንንሽ ልጆች የሚነገር ዘዴ ቢመስልም መሠረት አለው፤ 250 ያህል ቃላት ባሉት ገጽ 5 ቃል 2 በመቶ ይሆናል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ንባብ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎችም አንባቢ ያለ መዝገበ ቃላት ተደላድሎ ለማንበብ 98 በመቶውን ቃል ማወቅ እንደሚያስፈልገው ይናገራሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ያልመረጥሁት፣ ብዙ ደራስያን መግቢያቸውን ከሌላው ክፍል ይልቅ ስለሚያስጌጡት ነው።

የባለቤትዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፍቅርና ሞት የሌለበት ልብ ወለድ ፍለጋ ከተወጣ ባዶ እጅ መመለስ ይመጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ ሁለቱም አሉበት። መታየት የሚገባው ደራሲው የሚዘገየው በምኑ ላይ እንደሆነ ነው። ግድያው በአንድ አንቀጽ ተነግሮ መዘዙ በሦስት ምዕራፍ ከተከተለ፣ መጽሐፉ ስለ ሰው ሕይወት እያወራ ነው፤ ድርጊቱ በዝርዝር እየተሣለ መዘዙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከታለፈ ግን የእናትየው ጥርጣሬ ልክ ነው። ይህን ከጀርባ ሽፋኑ ማወቅ አይቻልም፤ የጀርባ ሽፋን የሚጻፈው መጽሐፉን ለመሸጥ ነውና። ከሁለት አንዳችሁ ቀድማችሁ አንብቡት፤ ጊዜ ካጠረም ከመካከሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ምዕራፍ እዩ።

አንድ መጽሐፍ ጥቀስልኝ ካሉኝ፣ በእንግሊዝኛ ለማንበብ ለወሰነች ተማሪ የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 የታተመ ነው፤ ቋንቋው ያልተወሳሰበ፣ ታሪኩም ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። በስተጀርባው የሩሲያ አብዮትና የስታሊን ዘመን አለ፤ ይህን የማታውቅ ልጅ እንኳ ቦክሰር የተባለው ታታሪ ፈረስ በጋሪ ተጭኖ ሲወሰድ ምን እንደተፈጸመ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልጋትም። ታሪካዊውን ማጣቀሻ በኋላ ብትማረው መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ይከፈትላታል። በአማርኛ ማንበብ ከፈለገችና ከትረካው ጋር የምትከታተልበት በቂ ጊዜ ካላት ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያለ ፍርሃት ስጧት፤ ትንታኔው የሚረከበው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ግን አልመክርም።

የመጨረሻው ምርጫ የእሷ ይሁን። እናንተ ያያችኋቸውን ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከእያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ታንብብ። አንዱን ጀምራ እስከ ሃምሳኛው ገጽ ድረስ ካልያዛት መቀየር እንደምትችል ከወዲሁ ይነገራት፤ ይህ ፈቃድ ያላት ልጅ ብዙውን ጊዜ አትጠቀምበትም። በየምሽቱ «ዛሬ ምን አነበብሽ?» እያሉ መፈተን ግን ንባቡን የቤት ሥራ ያደርገዋል፤ እርስዎም መጽሐፉን እያነበቡ ከሆነ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ወሬ በራሱ ጊዜ መምጣቱ አይቀርም።

ስለ ትንታኔው፣ መጽሐፉን ስትመርጥ የምትከራከርበት ጥያቄ አብሮ ቢታያት ሥራው ይቀልላታል። በ«አኒማል ፋርም» ለምሳሌ እንስሳቱ በግድግዳ ላይ የጻፏቸውን ሰባቱን ትእዛዛት በአንድ ወረቀት በተርታ ትገልብጥ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ትእዛዝ በየትኛው ምዕራፍ፣ በምን ቃል እንደተለወጠና በዚያች ሰዓት ማን እንደተጠቀመ በአጠገቡ ትመዝግብ። ወረቀቱ ሲሞላ የጽሑፏ ግማሽ ተሠርቷል።